የእንግሊዝኛ ጥያቄን እንዴት ልመልስ? ከምንባብ እስከ አሳማኝ ድርሰት፣ ደረጃ በደረጃ

በየሳምንቱ አንድ ዓይነት መልእክት ይደርሰኛል። የጥያቄ ወረቀት ፎቶ፣ ከሥሩ «መልሱ ምንድን ነው?»። አንዱ ስለ አጭር ልብ ወለድ ነው። ሌላው «ባዶ ቦታውን ሙሉ» ይላል። ሌላው ደግሞ «250 ቃል አሳማኝ ድርሰት ጻፍ» የሚል ነው። መልሱን ብቻ ብልክላችሁ የዛሬዋን ታልፋላችሁ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ፎቶ ይመጣል። ስለዚህ እኔ ጥያቄ ሲቀርብልኝ የምሄድበትን መንገድ ከነምክንያቱ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ለምትሰጡት ለእያንዳንዱ መልስ ወረቀቱ ላይ ጣታችሁን የምታሳርፉበት ቃል መኖር አለበት። ጣታችሁ ማረፊያ ካጣ፣ መልሱ ግምት ነው። ከታች ያለው ሁሉ ይህን ቃል እንዴት እንደምታገኙት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጥያቄው ራሱ፣ ከነትእዛዙ። ፎቶ ስታነሱ ትእዛዙን አትቁረጡት፤ ግማሽ መልሱ እዚያ ነው።
- ምንባቡ፣ መጻፍ የሚቻልበት ቅጂ ቢሆን ይመረጣል።
- እርሳስና ላጲስ።
- ሰዓት።
- የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ በተለይ ለተማሪ የተዘጋጀ። ለልምምድ እንጂ ለፈተና አይደለም።
- አንድ ቀጭን ደብተር። ስሕተታችሁን የምትመዘግቡበት ነው፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

1. ከምንባቡ በፊት ጥያቄውን አንብቡ፣ የትእዛዙን ግስ ክበቡት

ምንባቡን ዝም ብላችሁ ብታነቡት ሁሉም ነገር እኩል ይሆንባችኋል። ጥያቄውን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ግን ዓይናችሁ የሚፈልገውን ይዞ ይሄዳል።

የትእዛዙ ግስ ምን ያህል መጻፍ እንዳለባችሁም ይነግራችኋል። «ስቴት» ወይም «አይደንቲፋይ» ካለ በአንድ ዐረፍተ ነገር ስሙን ጠርታችሁ እለፉ። «ዲስክራይብ» ምን እንደሚመስል ንገሩኝ ማለት ነው። «ኤክስፕሌን» ለምን ወይም እንዴት የሚለውን ይፈልጋል፣ ስለዚህ መልሳችሁ ውስጥ «ቢኮዝ» ወይም የእሱ ቢጤ ከሌለ አንድ ነገር ጎድሏል። «ኮምፔር» ካለ ሁለቱንም ነገር በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ስለ አንዱ ግማሽ ገጽ፣ ስለ ሌላው ግማሽ ገጽ ጽፎ መተው ማወዳደር አይደለም።

ብዙ ሰው የሚወድቅባት «ሃው» ናት። «ጸሐፊው ልጅቷ መፍራቷን እንዴት ያሳያል?» ሲባል ልጅቷ መፍራቷን ጠያቂው ያውቃል፣ ነግሯችኋልም። የሚጠይቃችሁ ስለ ጸሐፊው ሥራ ነው፤ የትኛውን ቃል መረጠ፣ ዐረፍተ ነገሩን ለምን አሳጠረ። «ልጅቷ ፈርታለች ምክንያቱም ቤቱ ጨለማ ነው» ብላችሁ ብትመልሱ ላልተጠየቃችሁት ጥያቄ ነው የመለሳችሁት።

ከጥያቄው አጠገብ በቅንፍ የተጻፈውን ነጥብም እዩት። ባለ 1 ነጥብ ጥያቄ ላይ ግማሽ ገጽ የሚጽፍ ተማሪ ለባለ 8ቱ ጊዜ ያጥረዋል።

2. ምንባቡን ሁለት ጊዜ አንብቡ

የመጀመሪያው ንባብ ታሪኩን ለመያዝ ነው፦ ማን፣ የት፣ ምን ሆነ። የማታውቁት ቃል ካጋጠማችሁ አትቁሙ። አስምሩበትና እለፉ፤ ብዙ ጊዜ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ይፈታዋል። ሁለተኛው ንባብ በእርሳስ ነው። ለጥያቄው የሚሆን ቃል ስታገኙ የጥያቄውን ቁጥር ከጎኑ ጻፉ። በኋላ ስትመልሱ ያንን ቁጥር ብቻ ታያላችሁ እንጂ ምንባቡን ከላይ እንደገና አትጀምሩም።

ማስጠንቀቂያ፦ ገጹን ሙሉ አታስምሩ። ሁሉም ነገር ከተሰመረበት ምንም እንዳልተሰመረበት ቁጠሩት።

3. የሥነ ጽሑፍ መልስን በሦስት እርምጃ ገንቡ፦ ሐሳብ፣ ጥቅስ፣ ማብራሪያ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም ነጥብ የሚፈሰው እዚህ ነው። ለማሳያ ራሴ የጻፍኩት ቁራጭ ይኸው። በእንግሊዝኛ ቀረበላችሁ እንበል፤ ለንግግራችን እንዲመች በአማርኛ አድርጌዋለሁ፦

«ልጅቷ በሩን ገፋችው። በሩ አቃሰተ። ኮሪደሩ ጨለማውን ይዞ ይጠብቃት ነበር። ስሟን የጠራ ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን አቤት አለች።»

ጥያቄ፦ ጸሐፊው የፍርሃትን ስሜት እንዴት ፈጠረ?

በብዛት የሚደርሰኝ መልስ ይህን ይመስላል፦ «ጸሐፊው ሰውኛ ዘይቤ ተጠቅሟል። ይህም ጽሑፉን ማራኪ ያደርገዋል፣ አንባቢውም ማንበቡን እንዲቀጥል ይገፋፋዋል።» ሰውኛ ሰው ያልሆነውን እንደ ሰው ማድረግ ነው፤ ስሙን በትክክል ጠርታችኋል። ነገር ግን ይህ ዐረፍተ ነገር በዓለም ላይ ላለ ለማንኛውም ጽሑፍ ይሠራል። ለዚህ ምንባብ ብቻ የሚሆን ምንም ነገር የለውም። ጣታችሁን የት ታሳርፉታላችሁ?

አሁን ደግሞ ይህን እዩ፦ «ጸሐፊው ቤቱን ሕይወት ያለው ነገር አስመስሎታል። በሩ "አቃሰተ" ይላል። ማቃሰት የታመመ ሰው ድምፅ ስለሆነ፣ ገና ስትገባ አንድ መጥፎ ነገር እንዳለ ይሰማናል። ኮሪደሩም "ይጠብቃት ነበር"። የሚጠብቅ ነገር ሐሳብ አለው ማለት ነው፤ ስለዚህ ጨለማው ባዶ አይመስለንም።» ሐሳብ፣ ጥቅስ፣ ማብራሪያ። በየመሃሉም ጣት ማሳረፊያ አለ።

አንድ እርምጃ መጨመር ከፈለጋችሁ የዐረፍተ ነገሩን ርዝመት እዩ። «በሩ አቃሰተ» ሁለት ቃል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ አራት ነጥቡ ያስቆመናል፤ ልጅቷ ደፍ ላይ እንደቆመች እኛም እንቆማለን። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ደግሞ የተለየ ሥራ ይሠራል፦ ማንም ሳይጠራት አቤት ስትል፣ የሚያስፈራው ነገር ቤቱ ውስጥ ይሁን እሷ ውስጥ መለየት ያቅተናል።

ማስታወስ ያለባችሁ ነገሮች፦

- ጥቅሱን አሳጥሩት። ከአንድ እስከ ስድስት ቃል ይበቃል። ሦስት መስመር ከገለበጣችሁ የትኛው ቃል ላይ እንደምታወሩ አይታወቅም።
- ጥቅሱን ቃል በቃል ገልብጡ፣ ትእምርተ ጥቅስም አትርሱ።
- በእንግሊዝኛ ስለ አንድ ድርሰት ስትጽፉ በአሁን ጊዜ ነው። «ዘ ራይተር ሾውስ» እንጂ «ሾውድ» አይባልም። መጽሐፉ በተከፈተ ቁጥር ድርጊቱ እንደገና ይፈጸማል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው።
- ጸሐፊና ተራኪ አንድ አይደሉም። ታሪኩ «እኔ» እያለ ቢናገርም ያ «እኔ» የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ነው። «ጸሐፊው እናቱን ይጠላል» ብላችሁ አትጻፉ።
- ታሪኩን መልሶ መተረክ መልስ አይደለም። አንቀጻችሁ «ከዚያ… ከዚያም…» እያለ ከሄደ እርሳሱን አስቀምጡና ጥያቄውን እንደገና አንብቡ።

4. ጭብጥ ሲጠየቅ በአንድ ቃል አትመልሱ

«የታሪኩ ጭብጥ ምንድን ነው?» ሲባል «ፍቅር» ወይም «ጓደኝነት» ተብሎ ይጻፍልኛል። ያ ርእሰ ጉዳይ ነው። ጭብጥ ታሪኩ ስለዚያ ጉዳይ የሚለው ነገር ነው፣ ስለዚህ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሆናል፦ «ጓደኝነት የሚለካው አንዱ ሲሳሳት ሌላው በሚያደርገው ነው» እንደማለት። ለማግኘት ዋናው ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ ላይ የነበረውን አስተሳሰብ መጨረሻ ላይ ካለው ጋር አነጻጽሩ። ምን ተለወጠ? ምን ለወጠው? ጭብጡ ብዙውን ጊዜ እዚያ መሃል ነው።

የዘይቤ ዓይነት ሲጠየቅ ይህች ታድናችኋለች። «እንደ» የሚል ማነጻጸሪያ ካለ፣ በእንግሊዝኛ «ላይክ» ወይም «አዝ»፣ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው። አንዱን ነገር በቀጥታ ሌላውን ነው ካለ ተለዋጭ ነው። ሰው ያልሆነውን እንደ ሰው ካደረገ ሰውኛ ነው። ከልክ በላይ ካገነነ ግነት ነው። ግን ተጠንቀቁ፣ «ላይክ» ሁልጊዜ ማነጻጸሪያ አይደለም። «አይ ላይክ ቲ» ውስጥ ያለው ግስ ነው።

5. ምርጫ ጥያቄ ላይ የተሳሳተውን እየሰረዛችሁ ሂዱ

ትክክለኛውን ከመፈለግ ስሕተቱን ማስወጣት ይቀላል፤ ስሕተት ብዙ ጊዜ ምልክት አለው። አንዱ ምርጫ የምንባቡን ቃላት እንዳሉ ገልብጦ ትርጉሙን ያጣምማል። አንዱ «ኦልዌይስ»፣ «ኔቨር»፣ «ኦንሊ» የሚል ቃል ጨምሮ ነገሩን ያጋንናል። አደገኛው ሦስተኛው ነው፦ እውነት ነው፣ ምንባቡም ብሎታል፣ የተጠየቀው ግን እሱ አይደለም። ሁለት ምርጫ ቀርቶ ከተፋጠጣችሁ ለየትኛው መስመር ቁጥር መጥቀስ እንደምትችሉ ራሳችሁን ጠይቁ።

«ኢንፈር» የሚል ጥያቄ ከሆነ መልሱ በግልጽ አልተጻፈም። ቢሆንም ምልክቱ ተጽፏል። ሰውየው ሰዓቱን ሦስት ጊዜ ካየ ቸኩሏል ማለት ይቻላል። ባቡር ሊያመልጠው ነው ማለት ግን የእናንተ ፈጠራ ነው።

6. የሰዋስው ባዶ ቦታ ላይ ጆሯችሁን ከማመናችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈልጉ

አንደኛ፣ ባለቤቱ ማን ነው? «ዘ ሊስት ኦፍ ቡክስ ____ ኦን ዘ ቴብል» በሚለው ውስጥ ከባዶው አጠገብ ያለው «ቡክስ» ብዙ ስለሆነ እጃችሁ «አር» ሊጽፍ ይሮጣል። በ«ኦፍ» የሚጀምረውን ሐረግ በእርሳስ ሸፍኑት። የቀረው «ዘ ሊስት» ነው፤ ነጠላ። ስለዚህ «ኢዝ»። «ኢች» እና «ኤቭሪዋን»ም ብዙ ሰው ቢያመለክቱ ግሳቸው ነጠላ ነው።

ሁለተኛ፣ የጊዜው ምልክት የትኛው ቃል ነው? «የስተርደይ» ካለ ያለፈ ጊዜ ነው። «ሲንስ» ካለ በአብዛኛው «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ይከተላል። «ባይ ዘ ታይም ዊ አራይቭድ፣ ዘ ክላስ ____» ካለ ሁለት ያለፉ ድርጊቶች አሉ፤ ቀድሞ የተፈጸመው «ሃድ» ይወስዳል፦ «ሃድ ስታርትድ»። ምልክቱን ሳታገኙ ጊዜ አትምረጡ።

የ«ኢፍ» ጥያቄዎችን በጥንድ ያዟቸው። ከ«ኢፍ» በኋላ የአሁን ጊዜ ከሆነ በሌላው ወገን «ዊል»። ያለፈ ጊዜ ከሆነ «ዉድ»። «ሃድ» ከሆነ «ዉድ ሃቭ»። ትምህርት ቤት በሚመጡት ጥያቄዎች ከ«ኢፍ» ወገን «ዊል» አታስገቡ።

7. ከአማርኛ ሾልከው የሚገቡትን ስሕተቶች ለይታችሁ እወቁ

እነዚህ የስንፍና ስሕተቶች አይደሉም። አማርኛችን በትክክል የሚሠራበት መንገድ እንግሊዝኛው ውስጥ ስለማይሠራ ነው። አንዴ ምክንያቱን ካያችሁ ግን ራሳችሁን ትይዛላችሁ።

- ድርብ አሉታ። «ማንም አልመጣም» ስንል ግሱን እናፈርሳለን፣ ትክክልም ነው። እንግሊዝኛ ግን አንድ አሉታ ብቻ ይፈልጋል፦ «ኖባዲ ኬም»። «ኖባዲ ዲድ ኖት ካም» ካላችሁ ተገላብጦ ሁሉም መጣ ማለት ሊሆን ነው።
- «ምንም እንኳ ቢደክመው ግን ሄደ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን «ኦልዞው» (ምንም እንኳ) ካለ «ባት» (ግን) አይገባም። አንዱን ምረጡ።
- «ነገ እመጣለሁ አለ» ስንል ሰውየው የተናገረውን እንዳለ እንይዘዋለን። ስለዚህ ተማሪው «ሂ ሴድ አይ ዊል ካም ቱሞሮ» ብሎ ይጽፋል። ያ የሚመጣውን ሰው እናንተ አደረጋችሁት! በተዘዋዋሪ ንግግር ሦስት ነገር ይለወጣል፦ ተውላጠ ስሙ፣ የግሱ ጊዜና የጊዜ ቃሉ። «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም ዘ ኔክስት ዴይ»።
- «እዚህ መኖር ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው» ለማለት «አይ ሊቭ ሂር ሲንስ ስሪ ይርስ» ይባላል። ትክክሉ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ» ነው። ለቆይታ ርዝመት «ፎር»፣ ለተጀመረበት ነጥብ «ሲንስ»።
- «እስማማለሁ» ለማለት «አይ አም አግሪ» አይባልም። «አግሪ» ራሱ ግስ ነው፣ ሌላ ረዳት አይፈልግም።
- «ዲድ» ካለ ቀጣዩ ግስ ወደ መነሻው ይመለሳል። «ዲድ ዩ ዌንት» የለም፤ ያለፈ ጊዜነቱን «ዲድ» ተሸክሞታል።
- «ኢንፎርሜሽን» እና «አድቫይስ» አይቆጠሩም፣ «ኤስ» አትለጥፉባቸው።

8. አሳማኝ ድርሰትን ከመጻፍ በፊት አቅዱ

45 ደቂቃ ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን 8 ደቂቃዎች ለእቅድ ስጡ። ጊዜ ማባከን ይመስላል። ያላቀደ ተማሪ ግን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሐሳቡ ያልቅበትና የመጀመሪያውን በሌላ ቃል ይደግመዋል።

ርእሱ «ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ስልክ መያዝ አለባቸው ወይ?» ነው እንበል። በመጀመሪያ አቋማችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። «ስልክ ጥቅምም ጉዳትም አለው» አቋም አይደለም፤ ማንም አይቃወመውም። «መምህሩ ለሥራ ካላዘዘ በቀር ስልክ በክፍል ውስጥ መዘጋት አለበት» አቋም ነው፣ የሚከራከራችሁ ሰው አለ። ቀጥሎ ማንን እያሳመናችሁ እንደሆነ ወስኑ። ርእሰ መምህር ከሆነ ስለ ትምህርትና ሥርዓት ይሰማችኋል። ተማሪዎች ከሆኑ ምን እንደሚያገኙበት ንገሯቸው። ከዚያ ሁለት ጠንካራ ምክንያት ምረጡ። አምስት ደካማ ምክንያት ሁለት ጠንካራውን አይተካም፣ እንዲያውም ያደበዝዘዋል።

ለ250 ቃል ይህ ክፍፍል ይመቸኛል፦ መግቢያና አቋም 40፣ የመጀመሪያ ምክንያት 60፣ ሁለተኛ ምክንያት 60፣ የተቃራኒው ሐሳብና መልሳችሁ 50፣ መደምደሚያ 40።

እያንዳንዱ አንቀጽ በኃይለ ቃል፣ ማለትም ዋና ሐሳቡን በሚናገር ዐረፍተ ነገር ይጀምራል፣ ከዚያ ምሳሌ ይመጣል፣ ከዚያ ምሳሌው አቋማችሁን እንዴት እንደሚደግፍ። ሦስተኛው ነው የሚረሳው። «ስልኬ ሲንቀጠቀጥ ዓይኔ ወደ ኪሴ ይሄዳል» ጥሩ ምሳሌ ነው። «ዓይኔ እስኪመለስ ድረስ መምህሩ ሁለት መስመር አልፏል፤ ያ ትምህርት ደግሞ ሲጠራቀም ፈተና ላይ ይጠይቀኛል» ስትሉ ነው ወደ ክርክር የሚለወጠው።

የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ አትሽሹ፣ ደካማውንም መርጣችሁ አትምቱ። ጠንካራውን አንሱ፦ «ስልክ መዝገበ ቃላትም ነው፣ ካልኩሌተርም ነው»። ከዚያ መልሱ፦ «ለዚያ ነው መምህሩ ሲያዝ ይከፈት የምለው»። አንባቢው በልቡ «እሺ፣ ግን…» እያለ ሳለ እናንተ ቀድማችሁ ከመለሳችሁለት ማመን ይጀምራል።

ማስጠንቀቂያዎች፦

- ቁጥር አትፍጠሩ። «ጥናቶች 90 በመቶ ተማሪዎች…» እያሉ ከአየር ላይ መጻፍ ውሸት ነው፣ አራሚውም ያውቃል። የምታውቁት ማስረጃ ከሌለ ከኑሮ የታየ ምሳሌ ይበልጣል።
- ሸምድዳችሁ የገባችሁትን ድርሰት አትለጥፉ። ርእሱ በአንድ ቃል ከተለወጠ ሙሉ ገጹ ከጥያቄው ውጭ ይሆናል።
- «ሃውኤቨር» ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ አያጣብቅም። ከፊቱ ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ አድርጉ።
- መልስ የማይጠብቅ ጥያቄ፣ ለምሳሌ «ይህን የሚፈልግ ወላጅ አለ?» የሚል፣ አንድ ጊዜ ይበቃል። በየአንቀጹ ከደጋገማችሁት ያሰለቻል።

የሌላ ሰውን አሳማኝ ጽሑፍ እንድትተነትኑ ከተጠየቃችሁ ግን የራሳችሁን አቋም ተዉትና ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ጸሐፊው «እኛ» ሲል ማንን ከጎኑ አሰለፈ? የትኛው ቃል ስሜት ይነካል? ሥራው ያው ነው፦ ሐሳብ፣ ጥቅስ፣ ማብራሪያ።

9. የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ለእርማት ጠብቁ

ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ጀምራችሁ ወደ ላይ አንብቡ። ከላይ ወደ ታች ካነበባችሁ ሐሳቡ ይወስዳችሁና ዓይናችሁ ስሕተቱን ይዘላል። ሦስት ነገር ብቻ ፈትሹ፦ ባለቤትና ግስ ይስማማሉ? ጊዜው መሃል ላይ ሳይታሰብ ተለውጧል? ጥቅሶቹ ልክ እንደ ምንባቡ ናቸው?

ወረቀቱ ታርሞ ሲመለስ ደብተሯን አውጡ። በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ፦ የጻፍኩት፣ ትክክሉ፣ ለምን። ሦስተኛውን ዓምድ በራሳችሁ ቃል ሙሉት፣ ከሌላ አትገልብጡ። ለሚቀጥለው ፈተና ስትዘጋጁ መጀመሪያ የምትከፍቱት እሱን ገጽ ይሁን።